ፎቶ አንሺዋ ኢሞጀን ከኒንግሃም፦ ሴትን በሥራዋ ያየች ዐይን

ዐፄ ምኒልክ ባረፉበት በ1913፣ በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ አንዲት የሠላሳ ዓመት ፎቶግራፍ አንሺ አጭር ጽሑፍ አሳተመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ የወጣው ተማሪ ሳለች በገባችበት የሴቶች ማኅበር መጽሔት ላይ ሲሆን፣ ፎቶግራፍ ለሴቶች የሚበጅ ሙያ መሆኑን ያስረዳ ነበር። ሴቶች ያን ያህል ዘመን ለቤት ውስጥ ሥራ ብቻ የተፈጠሩ ተደርገው የታዩበትን ምክንያት ለመረዳት እንደሚያዳግት ጻፈች። ሴት ወደ ሙያ ዓለም የምትገባው ወንድን ለመምሰል ወይም ለመብለጥ ሳይሆን ለራሷ አንድ ነገር ለመሥራት እንደሆነም ገለጸች።

በዋሽንግተን ግዛት ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ ያኔ ገና ሦስት ዓመት ነበር፤ መብቱ በመላው አሜሪካ በሕገ መንግሥት የጸናው ደግሞ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1920 ነው። በአዲስ አበባም የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ያነሱ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሲሆኑ፣ ሙያው ከእርሳቸው የተላለፈው ወደ ወንዶች ልጆቻቸው ነበር።

የጽሑፉ ባለቤት ኢሞጀን ከኒንግሃም ትባላለች። ሐሳቡን ስትጽፍ አላገባችም፤ ልጅም አልነበራትም። ቀሪው ስድሳ ሦስት ዓመት ሐሳቧ በኑሮ የተፈተነበት ዘመን ሆነ። የዚያ ዘመን አብዛኛው ክፍል ያለፈው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ፣ በኦክላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ነው።

ኢሞጀን የተወለደችው ኤፕሪል 12 ቀን 1883 በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ነው። ቤቱ ልጅ የበዛበት፣ ገንዘብ ያነሰበት ነበር። አባቷ አይዛክ ከኒንግሃም በእንጨትና በድንጋይ ከሰል ንግድ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ መጽሐፍ ግን ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ስሟንም ያወጡላት ከሼክስፒር ቲያትሮች በአንዱ ካለች ገጸ ባሕርይ ነው። ካላቸው ላይ ቆጥበው የሥዕል ትምህርት አስተማሯት።

የመጀመሪያዋን ካሜራ በ15 ዶላር የገዛችው በፖስታ ከሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበር። ካሜራው ለጊዜው ተረስቶ ቀረ። ነገሩን እንደገና የቀሰቀሰው የጌርትሩድ ኬዝቢየር ሥራ ነው። ኬዝቢየር በኒው ዮርክ ፎቶ ቤት የነበራት፣ በእናቶችና በልጆች ምስል ስሟ የገነነ ሴት ናት። አንዲት ሴት በዚህ ሙያ ስም ማትረፍና ራሷን ማስተዳደር መቻሏን ማየት ለወጣቷ ኢሞጀን በቂ ማስረጃ ሆነ። አባቷ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጃቸው እጇን በኬሚካል የምታቆሽሽ ፎቶ አንሺ ልትሆን መሆኑ ባይዋጥላቸውም፣ ከቤታቸው አጠገብ ያለውን የእንጨት ማከማቻ ጨለማ ክፍል አድርገው በእጃቸው ሠሩላት።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመረጠችው ትምህርት ኬሚስትሪ ነበር። ፎቶግራፍን የሚያስተምር ክፍል አልነበረም፤ ፎቶ ግን በመሠረቱ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። የትምህርት ክፍያዋን ለመሸፈን ለዕፀዋት ጥናት ክፍል የእጽዋት ምስሎችን ታዘጋጅ ነበር። በ1907 ስትመረቅ የመመረቂያ ጽሑፏ የዘመኑን የፎቶግራፍ አሠራሮች የሚመለከት ነበር። ቀጥሎም በሲያትል በኤድዋርድ ኩርቲስ ፎቶ ቤት ተቀጠረች። ኩርቲስ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን ፎቶግራፍ በማንሳት የሚታወቅ ሰው ሲሆን፣ እርሷ እዚያ ምስልን በፕላቲኒየም ወረቀት ላይ የማተምን ጥበብ ተማረች። በ1909 ከሴቶቹ ማኅበር ባገኘችው 500 ዶላር ወደ ጀርመን ተሻግራ በድሬስደን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የፎቶ ኬሚስትሪ አጠናች። ስትመለስ በኒው ዮርክ አልፋ ጌርትሩድ ኬዝቢየርን በአካል አገኘቻት። በ1910 በሲያትል የራሷን ፎቶ ቤት ከፈተች።

እንግዲህ የ1913ቱ ጽሑፍ ከባዶ ምኞት የመጣ አልነበረም። የጻፈችው ኬሚስትሪውን አውቃ፣ ፎቶ ቤት ከፍታ፣ ደንበኛ ተቀብላ፣ ኪራይ ከፍላ ነው።

በ1915 ሮይ ፓርትሪጅ የተባለ፣ በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ሥዕል የሚያትም አርቲስት አገባች። በዚያው ዓመት በሬኒየር ተራራ ላይ ባሏን ራቁቱን ፎቶ አነሳችው። ከምስሎቹ አንዳንዶቹ በሲያትል በሚታተም ጋዜጣ ሲወጡ ከተማው ተቆጣ። ወንድ ሠዓሊዎች ራቁት ሴትን መሣል ከጀመሩ ብዙ መቶ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ ነውሩ የመጣው ካሜራውን የያዘችው ሴት፣ ተመልካቿም ሴት፣ የሚታየው ደግሞ ወንድ ሲሆን ነው። ምስሎቹን ለረጅም ዓመታት ከሕዝብ ዐይን አራቀቻቸው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇ ተወለደ። በ1917 ፎቶ ቤቷን ዘግታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገረች፤ ወዲያው መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች። በሁለት ዓመት ውስጥ የሦስት ልጆች እናት ሆና፣ ደንበኞቿና ስሟ ሲያትል ቀሩ። በሴቶች ሙያ ላይ የጻፈችው ነገር ያበቃለት የመሰለው ያን ጊዜ ነው።

በ1920 ባሏ በሚልስ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ መምህር ሆኖ ስለተቀጠረ ቤተሰቡ ወደ ኦክላንድ ተዛወረ። ሚልስ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። ታሪኩ ከ1852 የሚጀምር ሲሆን በ2022 ከኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋህዷል። ኢሞጀን ቤት ውስጥ ዋለች። ሦስት ወንዶች ልጆች ከዐይን ሲርቁ ምን እንደሚያደርጉ ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ካሜራዋን ይዛ ልጆቿ በሚጫወቱበት ጓሮ ተቀመጠች። ያለው ነገር ቅጠልና አበባ ነበር። የማግኖሊያን አበባ፣ የእሬትን ቅጠል፣ ቃጫ የመሰሉ ሹል ተክሎችን እየቀረበች አነሳቻቸው። ልጆቹ ቀን ሲተኙ የጓሮው ብርሃን የእርሷ ይሆናል። አንድ እጇ ከዕቃ ማጠቢያው፣ አንድ እጇ ከጨለማው ክፍል አልወጣም።

ዓለም የኢሞጀን ከኒንግሃምን ስም ሲያነሳ ቀድሞ የሚያስታውሳቸው እነዚያን አበቦች ነው። በ1925 የተነሳው የማግኖሊያ ምስል የአበባው ሆድ ብቻ ነው የሚታይበት፤ ግንድ የለ፣ ጓሮ የለ፣ ሰማይ የለ። በ1929 በጀርመን ሽቱትጋርት በተዘጋጀው ታላቅ የፊልምና የፎቶ ዐውደ ርእይ ላይ አሥር ሥራዎቿ ቀረቡ። በአንድ ጓሮ ተከልላ የሠራችው ሥራ በአውሮፓ የዘመናዊ ፎቶግራፍ ፋና ወጊ ተብሎ ታየ። ልጅ ማሳደግ ሥራዋን አልጠቀመውም ማለት አይቻልም፤ ጠቀመው ብሎ ማሞካሸትም ዋጋውን መርሳት ይሆናል። ያጣችውን ጊዜ የመለሰላት የለም።

በኦክላንድ ብሮክኸርስት በተባለ መንገድ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ዛሬ ከተደረደሩበት ቴሌግራፍ ጎዳና ብዙ በማይርቅ ስፍራ፣ ዊላርድ ቫን ዳይክ የሚባል ወጣት ፎቶ አንሺ ትንሽ ማሳያ ቤት ነበረው። በ1932 እዚያ የሚገናኙ የሙያ ጓደኞች ኤፍ 64 ብለው የሰየሙትን ቡድን መሠረቱ። ቁጥሩ የሌንስ ቀዳዳ እጅግ ሲጠብ የሚነበበው ነው፤ ቀዳዳው ሲጠብ ቅርቡም ሩቁም ጥርት ብሎ ይወጣል። ቡድኑ ፎቶግራፍ ሥዕል ለመምሰል መደብዘዙን ትቶ ያለውን እንዳለ በጥራት ማሳየት አለበት የሚል አቋም ያዘ። አንሰል አዳምስና ኤድዋርድ ዌስተን የቡድኑ አባላት ነበሩ፤ ኢሞጀንም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በሳን ፍራንሲስኮ ዴ ያንግ ሙዚየም ሥራቸውን ካቀረቡት አሥራ አንድ ሰዎች አራቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከእርሷ ሌላ ሶንያ ኖስኮቪያክ፣ ኮንሱዌሎ ካናጋና ኦክላንድ ያደገችው አልማ ላቨንሰን። ለዘመኑ ይህ ቀላል ቁጥር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን በየመጽሐፉ ደምቀው የተጻፉት የወንዶቹ ስሞች ናቸው።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ ኢሞጀን ወደ ሰው ፊት ተመለሰች። በ1931 በሳንታ ባርባራ ዳንሰኛዋን ማርታ ግራሃምን በአንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ በጎተራ በር ፊት አቁማ ወደ 90 የሚጠጉ ምስሎች አነሳቻት። ከጀርባ ያለው የጎተራው ጨለማ ነው፤ የሚታየው የዳንሰኛዋ ፊት፣ እጅና ክንድ ብቻ። ግራሃም ለካሜራ ተውባ የቀረበች ሴት አትመስልም፤ በሥራዋ መካከል የተያዘች ናት። ሁለቱ ምስሎች በዚያው ዓመት ዲሴምበር በቫኒቲ ፌር መጽሔት ወጡ።

በዚያው በ1931 ሜክሲኳዊቷን ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎን በሳን ፍራንሲስኮ አነሳች። ፍሪዳ ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ታዋቂው የግድግዳ ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ ሚስት ተብላ ብቻ የምትታወቅ ወጣት ነበረች። ኢሞጀን ባልየውን ከምስሉ አወጣችው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ የአንገት ጌጧን አድርጋ፣ ዐይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል የተቀመጠችው ሴት የማንም ተቀጽላ አትመስልም። ዓለም ይህን ለመቀበል ከዚያ በኋላ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጀበት።

ቫኒቲ ፌር የሆሊውድ ተዋንያንንም እንድታነሳ አዘዛት። የመረጠችው ቆንጆዎቹን ሳይሆን መልከ ጥፉ የሚባሉትን ወንዶች ነበር፤ ያለ ኩል፣ ያለ ዱቄት፣ ባሉበት። በ1934 መጽሔቱ ለሥራ ወደ ኒው ዮርክ ጠራት። ባሏ አብሯት መሄድ እስኪችል እንድትጠብቀው ጠየቃት።

አልጠበቀችም። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ልጆቿ ጎርምሰዋል፤ እንዲህ ያለ ጥሪም በየቀኑ አይመጣም። ኒው ዮርክ ሄዳ ከሠራቻቸው ምስሎች አንዱ የአሜሪካ ፎቶግራፍ አባት የሚባለው የአልፍሬድ ስቲግሊዝ ነው፤ ያነሳችውም በራሱ በስቲግሊዝ ትልቅ ካሜራ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘለቀው ትዳሯ ግን በዚያው ዓመት በፍቺ አበቃ። በ1913 በወረቀት ላይ የሰፈረው ሐሳብ ሙሉ ዋጋውን የጠየቃት ያን ጊዜ ነው። ወደ ኦክላንድ ተመልሳ የሰዎችን ፎቶ እያነሳች ኑሮዋን ቀጠለች።

በ1947 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ግሪን በተባለው መንገድ ወደ አንዲት ትንሽ ጎጆ ገባች፤ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻም ቤቷም ፎቶ ቤቷም ያችው ሆነች። በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረች። ከመምህራኑ አንዷ የቆየች ጓደኛዋ ዶሮቲያ ላንግ ነበረች። ላንግ በሳን ፍራንሲስኮ የሀብታሞች ፎቶ አንሺ ሆና ጀምራ፣ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ካሜራዋን ወደ ሥራ አጡና ወደ ስደተኛው ገበሬ ያዞረች ሴት ናት፤ በ1936 ያነሳቻት ስደተኛ እናት ምስል በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ ነው። የላንግ የፎቶ ስብስብ ዛሬ የሚገኘው በኦክላንድ ሙዚየም ነው። የኢሞጀን ልጅ ሮንዳል በወጣትነቱ የላንግ ረዳት ሆኖ መኪና እየነዳ ሙያውን ተማረ። የሁለቱ ሴቶች ቅርበት በቤተሰብም የተሳሰረ ነበር።

ላንግ አንድ ጊዜ ለተማሪዎቿ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚጠቀሙበትን ነገር ፎቶ አንሱ የሚል የቤት ሥራ ሰጠች። ኢሞጀን ተማሪ ባትሆንም የቤት ሥራውን ሠራች። በ1957 ያነሳችው ያልተነጠፈ አልጋ ነው፤ የተጨማደደ ነጭ አንሶላ፣ በላዩ ላይ የተበተኑ የፀጉር መርፌዎች። ሰው የለበትም፤ ግን አንዲት ሴት አሁን እንደተነሳች ይታወቃል። ምስሉን ለሙሽሮች በስጦታ ትሰጥ እንደነበር ይነገራል፤ ባልየው ሚስቱ አልጋ ከማንጠፍ ሌላ ሥራ የሚኖርባት ቀን እንዳለ ከወዲሁ እንዲያውቅ። ቀልዷ እንዲህ ነበር፤ ያስቃል፣ ቀጥሎም ይቆረቁራል።

በእነዚህ ዓመታት ካሜራዋ ደጋግሞ ያየው አንዲት ወጣት ቀራፂ ነበረች። ሩት አሳዋ በካሊፎርኒያ ከጃፓናውያን ገበሬዎች የተወለደች ስትሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ጃፓናውያን ናቸው ብሎ ካጋዛቸው ቤተሰቦች መካከል የእርሷ ይገኝበታል። ከሽቦ እየጠለፈች ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ የሚታዩ ቅርጾች ትሠራ ነበር፤ ስድስት ልጆችም አሏት። ኢሞጀን በአርባ ሦስት ዓመት ትበልጣታለች። በኦክላንድ ጓሮ ያለፈችበትን ኑሮ በዚህች ሴት ቤት እንደገና አየችው፤ ልዩነቱ ይህችኛዋን የሚመለከታት ሰው መኖሩ ነው። በ1950ዎቹ ባነሳቻቸው ምስሎች አሳዋ መሬት ተቀምጣ ሽቦ ትጠልፋለች፤ ልጆቿ ከአጠገቧ አሉ፤ አንዱ ራቁቱን ይድሃል፣ ሌሎቹ በየሥራቸው ናቸው። ልጆቹ ከምስሉ አልተባረሩም፤ ሥራውም አልተሸሸገም። ስለ አሳዋ የሚጻፉ መጻሕፍት ዛሬም እነዚያን ፎቶግራፎች ይጠቀማሉ። ሳን ሆዜ የሚኖር አንባቢ ደግሞ የአሳዋን እጅ በከተማው መሀል ሊያየው ይችላል፤ የጃፓናውያን አሜሪካውያንን ግዞት የሚዘክረው በ1994 የቆመው የነሐስ ቅርጽ የእርሷ ነው።

ክብር ለኢሞጀን ዘግይቶ፣ ሲመጣ ግን ተግተልትሎ መጣ። በ1967 የአሜሪካ የሥነ ጥበባትና የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነች። በ1968 በኦክላንድ የሚገኘው የካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ኮሌጅ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። በ1970፣ በ87 ዓመቷ፣ የጉገንሃይም ድጎማ አገኘች፤ ገንዘቡም ለዓመታት በየሣጥኑ የተኙትን የድሮ ኔጌቲቮቿን አውጥታ ለማተም ዋለ። ለብዙ ወንድ የሙያ ጓደኞቿ ያ ድጎማ የመጣው በጉልምስናቸው፣ አዲስ ሥራ ለመጀመር ነበር።

በጥቁር ካባዋና በራሷ ላይ በምታሥረው ሻሽ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው በመንገድ የሚያውቃት አሮጊት ሆነች። ምላሷ ስለት ነበር፤ ወጣት ሴት ፎቶ አንሺዎች ግን ደጇን አይለቁም። ከእነርሱ አንዷ ጁዲ ዴተር በ1974 በዮሰሚቲ ጫካ ያነሳችው ምስል ስመ ጥር ነው። ኢሞጀን ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከግዙፍ ዛፍ ሥር ድንገት ብቅ ትላለች፤ ከዛፉ ጀርባ ራቁቷን የቆመች ወጣት አለች፤ ሁለቱም እኩል የደነገጡ ይመስላሉ። ካሜራ የያዘችው ሴት ይህን ጊዜ የምትታየዋ ሆናለች።

በ92 ዓመቷ የመጨረሻውን ሥራ ጀመረች። ዘጠና ዓመት ያለፋቸውንና እርጅና የተጫናቸውን ሰዎች እየፈለገች በየቤታቸውና በየመጦሪያው ሄዳ ታነሳ ጀመር። ራሷ ምርኩዝ የሚያስፈልጋት ሆና ሳለ ትሪፖድ እያቆመች፣ ከእርሷ ያነሱትን ጭምር አረጋውያን ብላ ትቀርጻለች። ፊታቸውን አላለሰለሰችም። በ1930ዎቹ የሆሊውድን ተዋንያን ያለ ዱቄት እንዳነሳች፣ እነዚህንም እንደ መሬት በተሰነጠቀ ቆዳቸው፣ በሥራ በጎበጠ ጣታቸው አሳየቻቸው።

መጽሐፉ ሳያልቅ በጁን 1976 በሳን ፍራንሲስኮ አረፈች፤ 93 ዓመቷ ነበር። ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኔጌቲቮቿን የሚጠብቅና ሥራዋን የሚያሳትም የአደራ ድርጅት በስሟ አቋቁማ ነበር። ስለ አረጋውያኑ የጀመረችው መጽሐፍ «ከዘጠና በኋላ» በሚል ርእስ በቀጣዩ ዓመት ታተመ።